ከበሩ እስከ ወንበሯ

አንድ ፎቶ አንሺ ነበረ። ከመናኸሪያ ጀርባ ጠባብ ስቱዲዮ ነበረው። የመታወቂያ ፎቶ ያነሳል፣ ሠርግና ክርስትና ይጠራል፣ ተመራቂዎችን ጋዋን እያለበሰ ያቆማል። በሙያው የሚታማ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ከከተማው ሰው ሁሉ ፊቱን ሊያነሳ ያልቻለው አንድ ሰው ነበረ፤ እሷም የገዛ እናቱ ነበረች።

እናቱ ካሜራ ባየች ቁጥር ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች። ብትለመንም አትመለስም። በራሱ ሠርግ ላይ እንኳ ከተነሱት ሦስት መቶ ፎቶዎች እሷ ያለችው በአሥራ አንዱ ላይ ነው፤ በአሥራ አንዱም የሚታየው የነጠላዋ ጥለት ነው። ልጇ ይህንን እንደ ቀልድ ያወራው ነበር። እናቴን ዘመድ የሚያውቃት በጥለቷ ነው ይላል።

ቀልዱ ያለቀው አጎቱ ሲሞት ነው። ለቅሶው ላይ ከድንኳኑ ራስጌ የሚቆም ፎቶ ሲፈለግ ከአሮጌ መታወቂያ የተላቀቀች አንዲት ጉርድ ፎቶ ብቻ ተገኘች። ያጎላት እሱው ራሱ ነበር። ስትጎላ የሰውየው ፊት ጭጋግ ሆነ። አልቃሾቹ ወደዚያ ጭጋግ እያዩ ደረታቸውን መቱ። ፎቶ አንሺው በዚያን ቀን ከድንኳኑ ጥግ ቆሞ ስለ እናቱ አሰበ። ያሰበውን ግን ለራሱም ደፍሮ አልነገረውም። ለራሱ የነገረው፣ ያለኝ ሌንስ አጭር ነው፣ ከሩቅ የሚያቀርብ ያስፈልገኛል የሚል ነው።

ሳታውቅ፣ ሳትሸፈን፣ ከሩቅ ሆኖ ሊያነሳት ቆረጠ። ነገሩ የሙያ ጥያቄ ሆኖ ታየው። የሙያ ጥያቄ ከሆነ ደግሞ መልስ አያጣም ብሎ ወደ ባልንጀሮቹ ሄደ።

ሠርግ የሚያነሳው ባልንጀራው ከሰባ እስከ ሁለት መቶ ሚሊሜትር የሚደርሰውን ዙም ግዛ አለው፤ አዳራሹ ጨለም ቢልም ያ ሌንስ ብርሃን አይለምንም አለው። ሐይቅ ዳር ወፍ የሚያነሳው ሳቀበት፤ ስድስት መቶ የማይደርሰውን ሌንስ ብለህ አትጥራው አለ። የኳስ ሜዳው ፎቶ አንሺ ሁለቱንም ሰደበና ከመቶ እስከ አራት መቶ ያለውን አመሰገነለት። አንዱ ክብደቱን ተጠንቀቅ፣ ክንድህ ሲዝል ፎቶህ ይደበዝዛል ይለዋል። ሌላው የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ አለ፣ እሱን ፈልግ ይለዋል። ሌላው ደግሞ ያ የሚያረጋጋው አንተን እንጂ የሚሮጠውን ሰው አይደለም ይለዋል። ሁሉም እውነት ይናገሩ ነበር፤ ግራ የገባውም ለዚህ ነው። አንዳቸው እንኳ ቢዋሹ ይቀልለት ነበር።

ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፈ። ወረቀቱ ሲሞላ የፎቶ ማስቀመጫ ፖስታዎች ጀርባ ላይ ቀጠለ። ቤትም ይዞት ይገባል፤ እናቱ ቀና ስትል ደግሞ እጥፍ አድርጎ ኪሱ ይከተዋል። አንድ ቀን ደንበኛ መጥቶ ጉርድ ፎቶ ስንት ፍሬ ይበቃኛል ቢለው፣ አራት መቶ ብሎ መለሰለት።

ሲጨንቀው ወደ ትልቁ ከተማ ሄዶ፣ ካሜራ ሲሸጡ ያረጁ አንድ ሽማግሌ ሱቅ ገባ። ወረቀቱን ዘርግቶ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ጠየቀ። ሽማግሌው ወረቀቱን አላነበቡትም።

«ቁጥሩን ተወውና» አሉት፣ «የምታነሳው ነገር ካንተ ስንት እርምጃ ይርቃል?»

አላውቅም አለ። ይሮጣል ወይስ ይቀመጣል አሉት። ይቀመጣል አለ። ፀሐይ ላይ ነው ወይስ ጥላ ላይ አሉት። እሱንም እርግጠኛ አልነበረም። ምንድን ነው ብለው እንዳይጠይቁት በልቡ ለመነ፤ እሳቸውም አልጠየቁትም። ሂድና በእግርህ ለክተህ፣ ብርሃኑንም አይተህ ተመለስ፤ የሚሆንህን ያኔ ከመደርደሪያው አወርድልሃለሁ አሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ሆኖ ከሱቁ ወጣ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እናቱ በረንዳው ጫፍ፣ ፕላስቲክ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ ያበጠ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ፀሐይ ትሞቅ ነበር። ከሳምንት በፊት ሐኪም ቤት ወስዷት ነበር። ሐኪሙ እሷን ውጪ አስቀምጦ ልጇን ለብቻው አነጋገረው። ንግግሩ ስለ ጨውና ስለ ክኒን ሰዓት ነበር፤ ለምን እሷ ፊት እንዳልተነገረ ሐኪሙ ነው የሚያውቀው። ክኒኑን በሰዓቱ ይሰጣታል። ሐኪሙ ያለውን ግን፣ ሌንስ ሌንስ ሲል፣ ሳይነግራት ሳምንቱ አለፈ።

ከውጪው በር ጀመረ። እኩል እኩል እየተራመደ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆጠረ። አሥር ላይ ቆመና ፀሐይዋ በየት በኩል እንደምትዞር ቀና ብሎ አየ። የጣራውን ጥላ አየ። ከአጥር እስከ አጥር ያለውን ወርድም ለካ። ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ሄዶ ቁጢጥ አለና ይሸሸገው እንደሆነ ሞከረ። ቁጥሩ ጠፋበት፤ ወደ በሩ ተመልሶ እንደ አዲስ ጀመረ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እናቱን ቀና ብሎ አላያትም። እሷ ለእሱ የመለኪያው መጨረሻ ነበረች።

በዚያ ሰፈር ግን ግቢ በእርምጃ የሚለኩት የዕድር ሰዎች ናቸው። በሽታ የጸናበት ሰው ካለ፣ ሊጠይቁ ገብተው ሲወጡ፣ ድንኳኑ ይገባ እንደሆነ፣ ፀሐይዋም ለቀስተኛውን በየት በኩል እንደምትመታው እንደ ዋዛ እየተራመዱ ያያሉ። የሚናገር የለም፤ የማያውቅም የለም።

ሃያ ሦስት ሲል እናቱ ተናገረች።

«አትድከም፣ ትልቁ ድንኳን አይገባም» አለችው። «ለአባትህ ጊዜ የጎረቤቱን አጥር አስነቅለን ነው።»

አንድ እግሩን አስቀድሞ ቆመ። መጀመሪያ አልገባውም። የቱ ድንኳን አላት።

«ደግሞ ትጠይቀኛለህ? ሐኪሙ ስንት ጊዜ ሰጠኝ?»

አልተቆጣችም። ነገሩ አስቀድሞ እንደተነገረው ሰው ረጋ ብላ ነበር የጠየቀችው። ሳምንቱን ሙሉ ይነግረኛል ብላ ስትጠብቅ ነበር የከረመችው። ፊደል ባትቆጥርም ቁጥር ታውቃለች፤ ልጇ የሚደብቀውን ወረቀት ከትራሱ ሥር አግኝታ አይታዋለች። ሁለት መቶውን እንጀራ፣ ስድስት መቶውን ሰው አድርጋ ነው ያነበበችው። ሰው በዛ ብላ ተጨንቃለች፤ ስድስት መቶ ለቀስተኛ ማን አለኝ ብላ።

«ኧረ እማዬ» አለ። «ጨው ቀንሱላት ነው ያለው። ድንኳን አይደለም የምለካው። ፎቶ ላነሳሽ ነው።»

«የምን ፎቶ?»

ለልጅ ልጆችሽ መታሰቢያ ሊላት ይችላል። ለስቱዲዮው መስኮት ሊላት ይችላል። ሁለቱም የሚያስኬዱ ነበሩ። ነገር ግን እናቱ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ትታ፣ ፊቷን ገልጣ ታየው ነበር፤ ያንን ፊት እያየ መዋሸት አቃተው።

«እንደ አጎቴ እንዳትሆኚብኝ ብዬ ነው» አላት።

«ታዲያ ድንኳኑን ነዋ የለካኸው» አለች።

አይደለም እንዳይል ነው፤ ነው እንዳይል ደግሞ እንዲህ አላሰበውም ነበር። የሌንስ ጉዳይ ብሎ ስንት ሰው ያስቸገረበት ነገር ምን እንደነበረ አሁን ከእናቱ አፍ ሰማው፤ ሰምቶም ገና ግራ እንደገባው ነበር። እሷም ከበሩ ጀምሮ መለካት ለምን እንዳስፈለገ ጠየቀችው። ካሜራ ስታዪ ትሸፈኛለሽ፣ ታፍሪያለሽ አላት።

«አፍሬ አይደለም» አለችው። «ያንን ነገር ስታነሳ ፊትህ ይጠፋብኛል። አንዱን ዓይንህን ትጨፍናለህ፣ ሌላውን ትደብቃለህ። እኔ ታዲያ ማንን ልይ?»

ፎቶ አንሺው የቀረውን መንገድ ሄደ። ስንት እርምጃ እንደነበረ አልቆጠረም። እግሯን ከበርጩማው አንስቶ እሱ ተቀመጠበት፣ እግሯንም ጉልበቱ ላይ አሳረፈው። ከዚያ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት። ድገመው አለችው፤ ደገመላት። ሐኪሙ ሲናገር ፊቱ እንዴት ነበር ብላ ጠየቀችው፤ ያንንም ነገራት። ብዙ ከቆዩ በኋላ ካሜራውን ከቤት አምጥቶ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ሲገዛው አብራ የመጣችው አጭሯ ሌንስ እንደተገጠመች፣ ካሜራውን ጭኑ ላይ እንዳስቀመጠ፣ ዓይኑን ከእናቱ ሳያነሳ ተጫነው። በዚያች ቅጽበት እናቱ፣ ጨው የሌለው ወጥ ከምትሰጡኝስ ድንኳኑ ይሻለኛል እያለችው ነበር።

ፎቶው የባለሙያ ሥራ አይመስልም። ግማሹን የበረንዳው ቋሚ ይዞታል፣ አገጯም ትንሽ ተቆርጧል። ዓይኖቿ ግን አንድ ሰው ያያሉ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት እንደኖረች አልተነገረኝም።

ፎቶ አንሺው ወደ ሽማግሌው ሱቅ ተመለሰ፤ ቃሉን መጠበቁ ነበር። ስንት እርምጃ ሆነ አሉት። ምንም አላቸው። ለእሱ የሚሆን ሌንስ የለኝም አሉት። ቆይቶ የኳስ ሜዳ ሥራ ሲያገኝ፣ ከእሳቸው ዘንድ ከመቶ እስከ አራት መቶ ያለውን ገዛ፤ እስከ ዛሬ ያገለግለዋል።

አንተም ለሥራዬ የሚስማማኝ ቴሌፎቶ ዙም የትኛው ነው ብለህ ጠየቅኸኝ። ወፍ ላነሳ ነው ብትለኝ ስድስት መቶውን ግዛ እልህ ነበር፤ ወፍን ሰላም ብትላትም ትበራለች። ኳስ ብትለኝ አራት መቶው ይበቃሃል፤ ሜዳው መሀል ልግባ ብትል ዳኛው ያስወጣሃል። የሠርግ አዳራሽ ብትለኝ ብርሃን የማይለምነው ሁለት መቶው ይሻልሃል። እነዚህን ርቀቶች አንተ አላመጣሃቸውም፤ ሌንስም የተሠራው ለእነሱ ነው። አንተ ግን ላነሳ ነው ያልከኝ ጠዋት ጠዋት አደባባዩ ጥግ ሥራ የሚጠብቁትን የቀን ሠራተኞች ነው። ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ሳያውቁ የማነሳበት ይሁንልኝ አልከኝ።

እንግዲያው ነገ ማለዳ ሂድና በእግርህ ለካው። ካሜራህን ቦርሳህ ውስጥ ትተህ፣ ከቆምክበት ጥግ ተነስተህ እየቆጠርክ ወደ እነሱ ሂድ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርህ። እርምጃህን አይተው አሠሪ መጣ ይላሉ። ሠላሳ እርምጃ ሳትሞላ ሁሉም ብድግ ይላሉ፣ ልብሳቸውን ያራግፋሉ፣ አካፋቸውን ያነሳሉ፣ እኔን እኔን እያሉ ይከቡሃል። ፊታቸውንም አያዞሩም፤ ሁሉም ዓይን ዓይንህን ያዩሃል። ያኔ ምን ትላቸዋለህ? እሱን ካወቅህ በኋላ ስለ ሌንሱ ጠይቀኝ።