ከቦዩ ጫፍ ያለው ገበሬ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ማሳው ከመስኖው ቦይ ጫፍ፣ ከሰው ሁሉ በታች። ስንዱዬ፣ ጥያቄሽን የዘለልኩት እንዳይመስልሽ። «የባሌ እጅ ሞቶ ነው ወይስ ለግሞ?» ነው ያልሽኝ። እሱኑ እየመለስኩልሽ ነው፤ ስሚኝ።

የዚያ አገር ውሃ በተራ ነው። ላይ ከወንዙ መጥለፊያ የውሃ አባት የሚሉት ሽማግሌ አለ። የገበሬው ተራ ሲደርስ «ክፈት!» ብሎ ይጣራል። የአንድ ሰው ድምፅ ያን ሁሉ ቁልቁለት አይወርድምና ከመካከል ያሉት ሰባት ቤቶች ይቀባበሉታል። ደንብ አላቸው፤ ጉምጉምታ ብቻ የሰማ ዝም ይላል፣ አጥርቶ የሰማ ግን በሙሉ ጉሮሮው ይጮሃል። ግማሽ ጩኸት የለም። የጮኸው ትንፋሹን እስኪሰበስብ ተከታዩ ወደ ታች ያሳልፈዋል። እንዲህ ሆኖ ጥሪው መንገድ ሳያደክመው ይደርሳል፤ ገበሬውም ቦዩን ከፍቶ ሽንኩርቱን ያጠጣል።

አንድ ክረምት ናዳ መጣና ሰባተኛውን ቤት፣ ለገበሬው የሚቀርበውን፣ ጠራርጎ ወሰደው። ሰዎቹ ተርፈው ዘመድ ዘንድ ገቡ። በበጋ የውሃ አባት ሲጣራ ጥሪው ናዳው አፋፍ ላይ ቀረ። ውሃው ወርዶ የተዘጋ ማሳ አገኘና ገደል ገባ።

ወሬኛ መቼ ይጠፋል! «ተኝቶ ነው እንጂ!» አሉ። ሚስቱ ሳትቀር፣ «አንተ ሰውዬ፣ የደነዘዘው ጆሮህ ነው ጉልበትህ?» አለችው። እሱ እኮ ዶማውን ይዞ እንደ ቆመ ነበር። የውሃ አባትም፣ ሦስተኛው ተራ ካመለጠው ውሃው ለሌላ እንደሚሰጥ ላከበት። የሽንኩርቱ ቅጠል ከጫፉ ቢጫ ሆኗል።

ገበሬው ጥሪው የጠፋበትን ሊያይ ሽቅብ ወጣ። ከናዳው ማዶ፣ ከቦዩ ገለል ብላ የምትኖር አንዲት ባልቴት አገኘ። ስድስተኛው ቤት ሲጮህ ትሰማለች፤ እሷን ግን ጥሪ ተቀበይ ያላት ሰው የለም።

«እማማ፣ ይጥሩልኝ።»

«እኔ? ዶሮዬ እንኳ አትሰማኝ!»

«ግድ የለም፣ እንለማመዳለን።»

ወርዶ ቆመ፤ ጠራችው፤ አልሰማም። ተመልሶ ወጣ። «ዓይኔ እስኪፈጥ ልጩህልህ?» ብላ ተቆጣች። «እንዲያ ነው እንጂ፣ እማማ!» አላት። በየማለዳው ሲወጣ ሲወርድ ሰነበተ። ሁለተኛው ተራ በከንቱ አለፈ። በሦስተኛው አንድ ቀጭን ድምፅ ጆሮው ገባ፤ ሮጦ ከፈተ። ዘግይቶ ነበርና ግማሹ ውሃ አልፎታል። ግማሹ ሽንኩርት ግን ተረፈ።

እና ስንዱዬ፣ የውሃ አባቱ የባልሽ አንጎል ነው፣ ገበሬው ደግሞ እጁ። ተቀባባዮቹ እነዚያ ሐኪሙ «ነርቭ» ያላቸው ናቸው፤ እንደ ኤሌክትሪክ ብልጭ እያሉ ትእዛዙን ካንዱ ወዳንዱ ያሳልፋሉ። ናዳው ያ ባልሽን በድንገት የጣለው በሽታ ነው፤ የሰበረውም መንገዱን ነው። እጁ አልሞተም፣ አልለገመም፤ የሚጠራው አጣ እንጂ። ያችን እጁን ልታሠራ ከሐኪም ቤት የምትመጣውን ልጅ ማክሰኞ ከበር ስትመልሺያት አይቻለሁ፤ ሁለተኛ እንዳታደርጊው። አዲስ መንገድ የሚለመደው በመመላለስ ነው።

ደግሞ ትናንት በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ፣ አውራ ጣቱ ንቅንቅ ብላለች። ባልቴቷ ጉሮሮዋን እየጠረገች ነው።