ሁለት ስም ያላት ከተማ

ቤልጂየም ውስጥ የመንገድ ምልክት የሚጻፈው በየአካባቢው ቋንቋ ነው። ከብራስልስ ወደ ሞንስ የሚሄድ መንገደኛ ደች ተናጋሪውን ግዛት እስኪያልፍ ድረስ ምልክቱ ላይ የሚያገኛት ከተማ «ቤርገን» ነች። ከአገር ቤት ለስብሰባ የመጣውን የልዑካን ቡድን የሚያመላልሰው ሐበሻ ሾፌር ይህን አሳምሮ ያውቃል። የቡድኑ መሪ ክቡር አቶ ዘርጋው ግን አያውቁም፤ «አላውቅም» ማለት ደግሞ ሞታቸው ነው።

«መንገድ ስተሃል» አሉት። «ስብሰባው ሞንስ ነው፤ አንተ ቤርገን ልትወስደን ነው።»

«ክቡርነትዎ፣ ያው አንድ ከተማ ናት። እዚህ ቤርገን ይሏታል፤ ትንሽ እንደነዳን ሞንስ ትሆናለች።»

«እኔን ታሞኛለህ? በየመንገዱ ስሙ የሚለዋወጥ ምን ነገር አለ? አሁኑኑ ካላስረዳኸኝ ከዛሬ ጀምሮ ሾፌራችን አይደለህም።»

ከኋላ የተቀመጡት ሁለት የመምሪያ ኃላፊዎች ለመስማት ወደ ፊት ጠጋ አሉ። ሾፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ መለሰ።

«እርስዎ አሉ እንጂ። መኪና ውስጥ ሳሉ ክቡርነትዎ ነዎት። ወርደው በሩን ሲዘጉ እነዚህ ከኋላ ያሉት በሌላ ስም ይጠሩዎታል። እኔ የማደርሰው ግን ያንኑ አንድ ሰው ነው።»

አቶ ዘርጋው ዞረው ሲያዩ፣ ሁለቱም ኃላፊዎች በየመስኮታቸው ላም መቁጠር ጀምረዋል።

«ማን ይሉኛል?» አሉ ወደ ሾፌሩ ተመልሰው።

«እሱን አልችልም፣ ክቡርነትዎ» አለ ሾፌሩ። «የአገሩ ደንብ ነው፤ የወዲያኛው ስም ወዲህ አይነገርም።»