ቆርቆሮ ላይ የወጣው ቴስታታ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ካላችሁኝ ተሳስታችኋል። የእኔ በረት ድሬዳዋ ያለ ጋራዥ ነው፤ እዚያ ያሰርኳት ላምም የሟቹ አባታችን አሮጌ ፔጆ ናት።

እህቴ የውብዳር ልታገባ ሆነ። «ጋሼ፣ ሌላ መኪና እንዳትከራይልኝ» አለችኝ። «በአባዬ መኪና ውሰደኝ። እሱ ባይኖር መኪናዋ ትዳረኝ።»

ፔጆዋ ደህና ትሄድ ነበር፤ ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ለሠርጉ ኃይል ልጨምርላት ብዬ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ፈታሁና ከትልቅ ሞተር የወረደ ሌላ ቴስታታ ገጠምኩባት። ሲያጌጡ ይመላለጡ ይሉት ይሄንን ነው።

ሠርጉ ደረሰ። ፔጆዋን «የውብዳርን ውሰጂ» አልኳት። «ሞተሩ ካልዞረ አልወስድም» አለች።

ሞተሩን «ዙር፤ ፔጆዋ የውብዳርን አልወስድም ብላለች» አልኩት። «ፒስተኑ ካልወጣ አልዞርም» አለ።

ፒስተኑን «ውጣ፤ ሞተሩ አልዞርም ብሏል፣ ፔጆዋ የውብዳርን አልወስድም ብላለች» አልኩት። «ልወጣ ስል ይሄ አዲሱ ቴስታታ አናቴን ይለኛል። እሱ ፈቀቅ ካላለ አልወጣም» አለ።

አዲሱን ቴስታታ «ፈቀቅ በልለት፤ ፒስተኑ አልወጣም ብሏል፣ ሞተሩ አልዞርም ብሏል፣ ፔጆዋ የውብዳርን አልወስድም ብላለች» አልኩት። «እኔ የተሠራሁት ለሌላ ፒስተን ነው። መሃላችን ማሸጊያው፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ካልገባ ፈቀቅ አልልም» አለ።

ጓርኒሲዮኑን «ግባ፤ ቴስታታው ፈቀቅ አልልም ብሏል፣ ፒስተኑ አልወጣም ብሏል፣ ሞተሩ አልዞርም ብሏል፣ ፔጆዋ የውብዳርን አልወስድም ብላለች» አልኩት። «ቀዳዳዬ ከዚህ እንግዳ ጋር አይገጥምም። ከፒስተኑ ጋር የኖረው አሮጌው ቴስታታ ካልመጣ አልገባም» አለ።

አሮጌው የት አለ? እንዳትስቁ። የእናታችንን ጣራ ነፋስ እንዳያነሣው ብዬ ቆርቆሮው ላይ የጫንኩት እኔው ነኝ። መሰላል አቁሜ ወጣሁና «ውረድ» ብዬ ለመንኩት። «እናትህ ካልፈቀዱ አልወርድም» አለ።

እማዬ ግቢው ውስጥ ቆማ ታየኛለች። «እማዬ፣ ፍቀጂ» አልኳት ከላይ። «አሮጌው ቴስታታ አልወርድም ብሏል፣ ጓርኒሲዮኑ አልገባም ብሏል፣ አዲሱ ቴስታታ ፈቀቅ አልልም ብሏል፣ ፒስተኑ አልወጣም ብሏል፣ ሞተሩ አልዞርም ብሏል፣ ፔጆዋ የውብዳርን አልወስድም ብላለች።»

«አንተን ያላናገረ ብረት የለም ማለት ነው» አለች። «ጣራዬን ነፋስ ከወሰደው ሙሽራዋን ከየት ልሸኛት ነው? በምትኩ ከባድና የማይረባ ነገር አስቀምጥልኝ።»

እኔን ማለቷ መስሎኝ እዚያው ቁጭ ልል ነበር። ኋላ ግን ሌላም ከባድና የማይረባ እንዳለን ትዝ አለኝ። ያን የለፋሁበትን አዲስ ቴስታታ ፈትቼ፣ ተሸክሜ ወጣሁና ቆርቆሮው ላይ ጫንኩት።

ከዚያማ እማዬ ፈቀደች፣ አሮጌው ቴስታታ ወረደ፣ ጓርኒሲዮኑ ገባ፣ ፒስተኑ ወጣ፣ ሞተሩ ዞረ፣ ፔጆዋም የውብዳርን ወሰደች።

መንገድ ላይ የውብዳር መስኮቱን አውርዳ ሞተሩን አዳመጠች። ቀጥላ «ጋሼ፣ ድምጿ ልክ አባዬ ከሥራ ሲመጣ እንደምንሰማው ነው» አለችና አለቀሰች። እኔም መሪውን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

«ለመሆኑ ምን ጨመርክባት?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት።

ተረቴን መልሱልኝ፣ እጄን በናፍጣ አብሱልኝ። በእናቴ ደጅ ካለፋችሁ ግን ጣራው ላይ ስለሚያብረቀርቀው ነገር አትጠይቁኝ።