ለኤሊ የተደረበ ጋቢ

አንዲት ልጅ ነበረች። ልጅ ስላችሁ ትዳርም ሥራም ያላት ሴት ናት፤ ለእናቷ ግን ልጅ ናት። ሰናይት ትባላለች። የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ያልቀመሰ ጋቢውን ይዞ ይሂድ!

አባቷ ድሬዳዋ ላይ ሲያርፉ እናቷን እትዬ አስካለን አምጥታ ከራሷ ጋር አኖረቻቸው። እናት ከባላቸው ጋቢ ሌላ ከዚያ ሁሉ የቤት ዕቃ መርጠው የያዙት አንድ ነገር ነው፤ ባላቸው ሲያሳድጉት የኖሩትን ኤሊ። ስሙ ሻምበል ይባላል። ለምን ሻምበል ተባለ? ቢጠሩት ቢለምኑት እንደ ሹም አይቸኩልማ!

ሰናይት ለእናቷ ያላደረገችው ምን አለ? ወፍራም ጋቢ ገዛች። ብርድ ልብስ ደረበች። ቴሌቪዥኑን ሳይቀር ከሳሎን አንስታ እናቷ ክፍል አስገባች። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ብቅ ትልና፣ "እማዬ፣ ምን ጎደለሽ?" ትላለች።

"ምንም አልጎደለኝ ልጄ፤ ተባረኪ።"

ሰናይት ወደ ሥራዋ ትሮጣለች። ማታ ስትመለስ ምሳው እንደተከደነ ነው። እትዬ አስካለ እህል አልወርድ ብሏቸው ቀን በቀን እየከሱ ሄዱ። ሰናይት ፈራች። የአባቷ ሐዘን ሳይወጣላት እናቷንም ልታጣ ነው።

በዚህ ላይ ሻምበልም መብላት ተወ። ዓይኑን ጨፈነ፣ አንገቱን ሰበሰበ። እትዬ አስካለ የሟች ባላቸውን ጋቢ አውጥተው ጠቀለሉት። ሲብስበት ሌላ ደረቡለት። ፀሐይ እንዲያገኝ ብለውም የተዘጋ መስኮት ሥር አኖሩት። እናት አይደሉ? የበረደውን ማልበስ ነው የሚያውቁት። "እሱ ከሞተ የአባትሽ ነገር በቃ አለቀ" ብለው ሲያለቅሱ ሰናይት የእንስሳት ሐኪም ጠራች።

ዶክተር ፈለቀ መጡ። ጋቢውን ቀስ ብለው ገለጡና እጃቸውን ከኤሊው ሆድ ሥር አስገቡ። ያ ሁሉ ጋቢ ተደርቦበት ቀዝቃዛ ነው።

"እትዬ" አሉ ለስለስ ብለው፣ "ጋቢ ሙቀት አይወልድም። እርስዎን የሚያሞቅዎ የራስዎን ሙቀት ይዞ ስለሚያቆይልዎ ነው። ኤሊ ግን ሙቀቱን ከውጭ ነው የሚቀበለው። እሳት የሌለበትን ምድጃ ቢሸፍኑት ይሞቃል?"

"ፀሐዩስ? መስኮት ሥር አድርጌው የለ?"

"ብርሃኑ ይገባል፤ አጥንቱን የሚያጠነክረው አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር ግን መስታወቱ ላይ ይቀራል።"

ስለዚህ ሁለት መብራት ተገዛ፤ አንዱ ጫጩት የሚሞቅበት ዓይነት አምፖል፣ ሌላው ያንን ጨረር የሚሰጥ። ሰናይት ቸኩላ የሚያሞቀውን አምፖል ጀርባው ላይ ልታስጠጋው ስትል ዶክተሩ እጇን ያዙ።

"ቆዪ እህቴ፣ ታቃጥዪዋለሽ! ከፍ አድርገሽ በሰንሰለት እሰሪው። ጨርቅ አጠገቡ አይኑር። በአንድ ወገን ብቻ ይሁን፤ ሲሞቀው የሚሸሽበት ቀዝቀዝ ያለ ጥግ ተዪለት። ማታ ደግሞ ይጥፋ፤ እሱም ይተኛ።"

ከቀናት በኋላ ሻምበል አንገቱን አወጣ። ዓይኑን ገለጠ። ጎመኑን ነከሰ! እትዬ አስካለ እያጨበጨቡ፣ "እዪው! እዪው!" ይላሉ። ሰናይት ግን ኤሊውን አላየችም። የምታየው እናቷን ነው። "ለካ እኔም ለእናቴ ጋቢ ብቻ ነው የደረብኩላት" አለች በልቧ።

የዚያን ዕለት እራቷን ይዛ እናቷ ክፍል ገባች። ቴሌቪዥኑን አጠፋችና አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?"

"ምንም። ካንቺ ጋር ልበላ ነው። እማዬ፣ አባባ ሻምበልን ያመጣው ጊዜ ምን አልሽው?"

"ምን እለዋለሁ! 'ወይ እኔ ወይ እሱ' አልኩታ!"

ሳቁ። ከዚያም እንባቸው መጣ። እያለቀሱ አወሩ፣ እያወሩ እጃቸው ወደ ትሪው ሄደ። መጀመሪያ ማንን አጎረሱ? ልጃቸውን!

"እማዬ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል" አለች ሰናይት። ደገሙላት። እሷም በተራዋ ጠቅልላ አጎረሰቻቸው። ጎረሱ፤ ዋጡም።

ወገኖቼ፣ "አይዞህ" ጋቢ ነው። "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ጋቢ ነው። የምትልኩት ገንዘብ ጋቢ ነው። ጋቢ ክፉ ነው አላልኩም! ውስጡ ሙቀት ላለው ሰው መልካም ነው። ውስጡ የቀዘቀዘውንስ? እሱን ምን ልታደርጉት ነው? ሌላ ጋቢ ልትደርቡ?

በስልክ መስታወት ተያይተን ጠየቅን የምንል ስንቶች ነን? ብርሃኑ ያልፋል፤ የሚያጠነክረው ነገር ግን እዚያው ይቀራል።

ደግሞ አደራ! አንዳንዶቻችን ስንወድ እናቃጥላለን። ያዘነውን ሰው መተንፈሻ እስኪያጣ እንመክረዋለን። የሚሸሽበት ጥግ ተዉለት እንጂ!

ጌታችን ከሰማይ ሆኖ "አይዟችሁ" ማለት አቅቶት ነበር? መጣ እንጂ! ከእኛ ጋር በላ፣ ከእኛ ጋር አለቀሰ።

እንግዲህ አንድ የቀዘቀዘ ሰው ታውቃላችሁ፤ አሁን ስሙ ልባችሁ ውስጥ መጥቷል። ከዚህ ስትወጡ ወደ እሱ ሂዱ። "ምን እግር ጣለህ?" ቢላችሁ፣ "እንዲሁ አብሬህ ልቀመጥ ነው" በሉት። ስትገቡም ጫማችሁን አውልቁ፤ ቶሎ ለመነሳት እንዳይመቻችሁ።