የባሏን ቀብር የሸጠችው ዘርፌ

በእኛ በዋንዛ በር፣ ነገር ካለቀ በኋላ ደርሶ «ምን ላግዝ?» የሚል ወዳጅ ሲመጣ፣ ሽማግሌዎች ቁጣም ምክርም ያለበት አንድ አጭር ቃል ይሰነዝሩበታል። የሩቅ ሰው ሲሰማው ስለ ለቅሶ ቤት ዕቃ የሚወራ ይመስለዋል። ቃሉ ግን ከአንዲት ሴት ድፍረት የተወለደ ነው። ቃሉን የሚናገረው ብዙ፣ ታሪኩን የሚያውቀው ጥቂት ስለሆነ እኔ ልንገራችሁ።

የዋንዛ በር እድር በአካባቢው የተመሰገነ ነው። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው አባ ቢተው ጉብታው ላይ ወጥተው ይነፋሉ። አራሹ ሞፈሩን ጥሎ፣ ሴቲቱ ሊጧን ከድና ትመጣለች። ድንኳኑ ወዲያው ይተከላል፣ ንፍሮው ይጣዳል፣ ሬሳው በእድሩ ቃሬዛ ይወጣል። የቀረ ይቀጣል። ለሞት የሚዋጣውን የወር መዋጮ ያጓደለ ሰው እኔ አላውቅም።

የጤና መድህን ሲባል ግን ነገሩ ሌላ ነበር። የቀበሌ ሰዎች መጥተው «ደህና ሳላችሁ ጥቂት ጥቂት ክፈሉ፤ ስትታመሙ ያለ ሐሳብ ትታከማላችሁ» ብለው በሰበኩ ጊዜ የእድሩ ሰብሳቢ አቶ አሰግደው ተነሡና፣ «ደህና ሰው ለበሽታ አይከፍልም፤ ይሄ ሟርት ነው። በሽታን በገዛ ገንዘባችን ወደ ቤታችን አንጠራም» አሉ። ሕዝቡም አጨበጨበ። ለሞቱ በየወሩ የሚያዋጣ ሰው ለሕመሙ ማዋጣትን ሟርት ነው ሲል አይገርማችሁም? እኔን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አቶ አሰግደው ክፉ ሰው ናቸው ማለቴ አይደለም። የእድሩን ንብረት እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁ፣ ከማንም ቀድመው ለቅሶ የሚደርሱ ሰው ናቸው። የቆጫቸው ነገር ቢኖር ድንኳኑ ነው። የእኛው አሮጌ ነው፣ ያፈሳል። የወንዝ ማዶዎቹ እድር ደግሞ አዲስ ድንኳን ገዝቶ በየለቅሶው ይኩራራል። ስለዚህ አቶ አሰግደው ለአዲስ ድንኳን ሲያጠራቅሙ ነው ዓመታቸው የሚያልቀው።

አንድ ሐምሌ ላይ የዘርፌ ባል ላቀው «ሆዴን፣ ቀኝ ጎኔን» ብሎ ወደቀ። ዘርፌ ጤና አዳሙንም ዝንጅብሉንም ሞከረችለት፤ አልሆነም። ከጤና ኬላ ሰናይት የምትባለውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠራች። ሰናይት ሆዱን ጫን አድርጋ ስትለቀው ላቀው ጮኸ።

«ትርፍ አንጀት ሳይሆን አይቀርም» አለች ሰናይት። «ዛሬውኑ ሆስፒታል ገብቶ ኦፕራሲዮን መሆን አለበት። ከፈነዳ...» አለችና ስልኳን አወጣች።

«ከፈነዳ ምን?»

«እንዳይፈነዳ እንሩጥ፣ እትዬ ዘርፌ።»

ሰናይት በስልክ አምቡላንስ ጠራች። መኪናው ግን ወንዙን መሻገር አይችልም፤ የሚመጣው እስከ ማዶ ነው። ከቤቱ እስከ ተንጠልጣዩ ድልድይ ድረስ በሽተኛውን ሰው መሸከም አለበት። ቁልቁለቱ ጭቃ ነው፣ ላቀው ደግሞ ግንድ የሚያህል ሰው ነው። ብዙ ትከሻ እየተቀያየረ ካልሆነ በቀር የማይሞከር ነገር ነው። ያን ሰሞን የዘር ጊዜ በመሆኑ ወንዱ ሁሉ በየማሳው ተበትኗል። ዘርፌ ጎረቤት ብታንኳኳ ሽማግሌና ሕፃን ብቻ አገኘች።

ወደ አቶ አሰግደው ሮጠች። እድሩ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የድንኳኑን ቀዳዳ ሲጥፉ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ላቀው ሊሞትብኝ ነው! ጥሩምባ ይነፋልኝና ሰው ይሰብሰብልኝ። ቃሬዛውንም ይስጡኝ።»

«እግዜር ይማረው ልጄ» አሉ ደንግጠው። «ነገር ግን ጥሩምባ የሚነፋው ለሞተ ነው። ለታመመ ከተነፋ ነገ ራሴን አመመኝ የሚለውም ንፉልኝ ይላል። ያኔ ለእውነተኛው ሞት ማን ይመጣል? ቃሬዛውም የሬሳ ነው፤ ሕያው ሰው አይተኛበትም።»

«ሆስፒታሉም ማስያዣ ይጠይቀኛል። መድህኑ ላይ እንደሆነ አልተመዘገብንም። ከእድሩ ገንዘብ...»

«ለቀብር ነው የተዋጣው። እኔ ብቻዬን ተነሥቼ የሰው ደንብ አላፈርስም።»

ዘርፌ አልለመነችም፣ አላለቀሰችም። በቀጥታ አባ ቢተው ቤት ሄደች።

«አባ ቢተው፣ ይንፉልኝ።»

«ማን ሞተ?»

«ላቀው።»

ሽማግሌው ዓይኗን አዩት፤ ደርቋል። ሐዘኑ እንባዋን ቢያደርቀው ነው ብለው አዘኑላትና ጥሩምባቸውን አነሡ። ወገኖቼ፣ የባልን ሞት ባል በሕይወት እያለ መናገር በእኛ አገር በገዛ አፍ እንደ መግደል ነው የሚቆጠረው። ዘርፌ ይህን ሁሉ እያወቀች ነው የተናገረችው። እኔ ጀግና ሲባል ትዝ የምትለኝ እሷ ናት።

«ላቀው አርፏል! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» የሚለው ድምፅ ከጉብታው ላይ ወረደ። ዘርፌ ቤቷ ስትደርስ ላቀው አልጋው ላይ ተኮራምቶ ቀና አለ።

«ማን ነው የሞተው?»

«አንተ ነህ» አለችው ላቡን እየጠረገችለት። «ዝም ብለህ ተኛ።»

ሊስቅ ቃጣውና ሆዱ አላስቻለውም።

ሰዉ እንደ ጎርፍ መጣ። ጎረምሶቹ እንደ ልማዳቸው ማንንም ሳይጠይቁ ግቢው ውስጥ ድንኳኑን መትከል ጀመሩ። ሴቶቹ ገና ከበሩ ወዬው ወዬው አሉ። ቃሬዛውም መጣ። አቶ አሰግደው ቅድም በተናገሩት እየተጸጸቱ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ሬሳውን ሊያዩ ወደ ውስጥ ዘለቁ።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ?» አለ ሬሳው።

አቶ አሰግደው ፊታቸው አመድ መስሎ ወጡ። «ዘርፌ! ይሄ ሰውዬ ይናገራል እኮ!»

«ይናገራል። ገና አልሞተማ» አለች።

ግቢው ታወከ። አንዱ ሳቀ፣ ሌላው «ዘሬን ዝናብ ላይ ጥዬ መጣሁ!» ብሎ ተቆጣ። አባ ቢተው ጥሩምባቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ «በእርጅናዬ አፌን አስዋሸሽኝ» አሉ፤ ከሁሉም ይልቅ ያን ጊዜ ዘርፌ አፈረች። ቢሆንም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ በሩ ላይ ቆመች።

«ይቅር በሉኝ። በሌላ ነገር ብጠራችሁ አትመጡም። አሁን ግን መጥታችኋል፣ ቃሬዛውም መጥቷል። ላቀውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ልትሸከሙት አይደል የተነሣችሁት? መንገዱን ብቻ ቀይሩልኝ።»

«ደንቡስ?» አሉ አቶ አሰግደው።

«ደንቡን አላፈርስም። ላቀው ከእናንተ ዘንድ አንድ ቀብር አለው አይደል? እሱን ዛሬ ስጡኝ። ለቀብሩ የሚወጣው ገንዘብ ለሕክምናው ይሁን። ሲሞት ድንኳኑም ይቅርብን፣ ንፍሮውም ይቅርብን፣ ሰውም አይምጣ። እኔና ልጆቼ እንቀብረዋለን።»

ሰዉ ሁሉ ክው አለ። ጠዋት ማታ «ቀባሪ አታሳጣኝ» ብሎ በሚጸልይ ሕዝብ ፊት እንዲህ ያለ ገበያ ተሰምቶ አያውቅም። አንዲት ሴት ከመካከል፣ «ኧረ በማርያም ተይ! ባልሽን ቀባሪ አታሳጪው!» ብላ ጮኸች።

«ቀባሪ ይጣ» አለች ዘርፌ፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «ተሸካሚ አይጣ እንጂ።»

ሰናይት ስልኳን እንደያዘች ከጓዳ ብቅ አለች። «አምቡላንሱ ማዶ ቆሟል። ትኩሳቱም እየጨመረ ነው» አለች።

አቶ አሰግደው አንድ ጊዜ በሩ ላይ የቆመችውን ሴት፣ አንድ ጊዜ ሰዉን አዩ። «ውሉን ሰምታችኋል?» አሉ።

«ሰምተናል።»

«እንግዲያው ምን ትጠብቃላችሁ? አንሡት!» ብለው የቃሬዛውን የፊት እንጨት ራሳቸው ቀድመው ያዙ።

ያ ጉዞ እስከ ዛሬ ይወራል። ዝናቡ ይወርዳል፣ ጭቃው ያንሸራትታል፣ ቃሬዛው ግን ከትከሻ ወደ ትከሻ እየተላለፈ አንድም ጊዜ መሬት አልነካም። ስለ ዘሩ የተቆጣው ሰውዬ «ተራዬ ነው፣ ልቀቅ!» እያለ ሲጣላ ነበር። ድልድዩን ተሻግረው ሲደርሱ የአምቡላንሱ ሾፌር ያን ሁሉ የለቅሶ ልብስና ጥሩምባ አየና፣ «ወንድሞቼ፣ ሬሳ አልጭንም! አይፈቀድልኝም» አለ። ላቀው ከቃሬዛው ላይ ቀና ብሎ፣ «አልሞትኩም ወንድሜ፣ ጫነኝ» ቢለው ሾፌሩ ራሱ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

ሐኪሙ ሲቀድደው አንጀቱ ለመፈንዳት ጥቂት ነበር የቀረው አሉ። የቀብሩ ገንዘብ ማስያዣ ሆነ። ላቀውም ለቡሄ በእግሩ መጣ።

መስከረም ላይ እድሩ ተሰበሰበ። አቶ አሰግደው ተነሡና፣ «ውል ውል ነው፤ ላቀው ቀብር የለውም» ብለው ጀመሩ። ቀጥለው ግን ጥግ ወደ ቆመው ቃሬዛ ዞሩ። «እውነቱን ልናገር። በዚያ ቃሬዛ ስንቱን ሸኝቻለሁ፤ ተሸክሜ ደስ ያለኝ ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ቀብሩን እንመልስለት። ከዚያ ስለ አዲሱ ድንኳን እንነጋገራለን።»

«ይቆይልኝ፤ አልቸኮልኩም» አለ ላቀው፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ዘርፌ አልሳቀችም። «እግዜር ይስጥልን። ነገ የሌላዋ ባል ሲወድቅስ? እሷም እንደኔ ትዋሽ?» አለች።

አንዱ በዝግታ፣ «ድንኳኑ ካልተገዛ የማዶዎቹ ይስቁብናል» አለ፤ ሌላው ደግሞ ለበሽታ ማዋጣት ሟርት መሆኑን አነሣ። የዚያ ቀን ስብሰባ ምን እንደወለደ አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ዛሬ የዋንዛ በር እድር የአባላቱን ሁሉ የጤና መድህን ይከፍላል፣ ጥሩምባውም ለታመመ ይነፋል፣ ድንኳኑም እንዳፈሰሰ ነው። ወደዚያ ያደረሰው ግን የአባ ቢተው አንደበት ነው።

አባ ቢተው ከዚያ ሐምሌ ጀምሮ ለዘርፌ ሰላምታ ነፍገዋት ነበር። አሁን በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ቀስ ብለው ዞረው እሷን አዩ፣ ከዚያ ሰብሳቢውን፣ ከዚያ ሰዉን።

«ከልጅነቴ ጀምሮ እውነት ስነፋ ኖርኩ፤ ነፍቼለት የተነሣ ሰው የለም» አሉ። «አንድ ቀን ይህች ልጅ አስዋሸችኝ፣ ሰው ተነሣ። ድንኳን አትግዙ አልልም፤ ለሁላችንም አይቀርልንም። ግን ልጆቼ፣ ከድንኳኑ ቃሬዛው ይቅደም!»