ሲሞት ምን አለ?

አንድ ስሙ የታወቀ ጠበቃ ነበር፤ ገብረየስ ይባላል። ዕድሜውን በሙሉ በነፍስ ግድያ ለተከሰሱ ሰዎች ሲከራከር ስላሳለፈ ደክሞታል። ተኝቶ ቢነሣ የሚለቅ ዓይነት ድካም አልነበረም። ቀድሞ ደንበኞቹን "አድርገኸዋል ወይ?" ብሎ ይጠይቃቸው ነበር። እየቆየ መጠየቁን ተወውና ምን ማለት እንዳለባቸው ብቻ ይነግራቸው ጀመር።

በዚህ ጊዜ የያዘው የፈንታሁንን ጉዳይ ነበር። ፈንታሁን ገበሬ ነው። ጎረቤቱን ይስማውን በዱላ መትቶ ገድሏል ተብሎ ተከሷል። ሁለቱ ከገበያ አብረው ሲመለሱ ታይተዋል፤ በእርሻቸው ድንበር ሲጨቃጨቁም ተሰምተዋል። ከዚያ ወዲያ ያያቸው የለም። በማግስቱ የይስማው ሬሳ ወንዝ ዳር ተገኘ። ጭንቅላቱ ተፈንክቷል፤ ነገር ግን ዓይኖቹ ተከድነው፣ እጆቹ ተሰብስበው፣ የገዛ ጋቢው በላዩ ተደርቦለት ነበር።

ገብረየስ ወህኒ ቤት ሄዶ ከፈንታሁን ጋር ግንቡ ሥር ተቀመጠ።

"ሦስት መንገድ አለን" አለው፣ ብዙ ጊዜ የተናገረውን እንደሚደግም ሰው። "አንደኛው መካድ ነው። 'ቀድሜው ሄጃለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም' ትላለህ። ሲደረግ ያየ ምስክር የለም። ጋቢውም ይጠቅመናል፤ ጠላት የገደለውን አይሸፍንም ብዬ እከራከራለሁ። በዚህ ነጻ ልትወጣ ትችላለህ።"

"ሁለተኛውስ?"

"ቢላዋ መዘዘብኝ፣ ራሴን ስከላከል ነው ማለት።"

ፈንታሁን ቀና ብሎ አየው። "ይስማው? እሱ እንኳን በሰው ላይ ቢላዋ ሊመዝ፣ የፋሲካ በጉን የማርድለት እኔ ነበርኩ።"

"የሞተ ሰው ቆሞ አይከራከርህም" አለ ገብረየስ። ይህንን ሲል የራሱ ድምፅ ሰለቸው። "ሦስተኛው ማመን ነው። በንዴት መታሁት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም ትላለህ። ቅጣቱ ይቀልልሃል፤ አይቀርልህም ግን። ልጆችህ ሳታያቸው ያድጋሉ።"

ፈንታሁን መሬት መሬቱን እያየ፣ "እንግዲያው ልካድ" አለ።

"እንግዲያው ካድ።"

ቀጠሮው ሊደርስ ሲል ገብረየስ ለሌላ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሄደ። ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ አረፍ እንዳለ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት መጥታ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠች።

"አንጓች እባላለሁ። የይስማው ሚስት ነኝ" አለችው።

"ልጄ፣ እኔ የተከሳሹ ጠበቃ ነኝ። ከእኔ ጋር ባትነጋገሪ ይሻላል።"

"አውቃለሁ፤ ለዚያ ነው የመጣሁት። አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ባሌ ሲሞት ምን አለ?"

የገብረየስ አፍ ከልማድ ቀደመው። "ደንበኛዬ እዚያ አልነበረም።"

"እሱን ለዳኛው ይንገሩት" አለች ሳትቆጣ። "እኔ ማን ገደለው አላልኩም። ዓይኑን የከደነለት ሰው አለ። ጋቢውን ያለበሰው ሰው አለ። ነፍሱ እስክትወጣ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው አለ ማለት ነው። ያ ሰው የሰማው ነገር ይኖራል። ውኃ ለምኖ ይሆን? ስም ጠርቶ ይሆን? ሌት ተቀን የሚበላኝ ይኸው ነው። ፍርዱን እንደ ፈለጋችሁ አድርጉት።"

ተነሥታ ሄደች። ገብረየስ ስለዚያ ጋቢ ብዙ አስቦ ነበር። እንዴት እንደሚከራከርበት፣ ዐቃቤ ሕጉ ምን እንደሚመልስ፣ እሱ ደግሞ ምን እንደሚጨምር። አንድ ሰው ሌላውን ሰው እንዳይበርደው ብሎ ያለበሰው ልብስ መሆኑ ግን አንድም ቀን ትዝ ብሎት አያውቅም። አፈረ። ለማፈር እንኳ ጉልበት የቀረው አይመስለውም ነበርና ማፈሩ ራሱ ገረመው።

ያኔውኑ ወደ ወህኒ ቤቱ ሄዶ የተባለውን እንዳለ ነገረው። ፈንታሁን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

"ያን ዕለት እስከ አጥሯ ደርሼ ነበር፣ ልነግራት" አለ። "እግሬ አልገባ አለኝ።"

ገብረየስ እጁን አነሣ። "ለእኔ አትንገረኝ። መጀመሪያ ይህን ስማ። ከካድክ የሰማኸውን ልትነግራት አትችልም። ከነገርካት ደግሞ መካድ የለም። ሁለቱን የሚያስታርቅ መላ ፈልጌ አጣሁ።"

"እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?"

"የምታሰረው እኔ አይደለሁም። ስለዚህ ይህን አድርግ ልልህ አልችልም። የመረጥከውን ይዤ እከራከርልሃለሁ።"

በቀጠሮው ቀን ዳኛው ተከሳሹን አስነሥተው "ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይስ አልፈጸምህም?" ብለው ጠየቁት። ገብረየስ ምን እንደሚመልስ አያውቅም ነበር። ደንበኛው ምን እንደሚል ሳያውቅ ችሎት ፊት ከቆመ ብዙ ዘመኑ ነው።

"ፈጽሜያለሁ" አለ ፈንታሁን። "በድንበሩ ተጣላን፤ መታሁት፤ ወደቀ። ልገድለው አላሰብኩም። ዱላው ግን የእኔ ነው።" ከዚያ ከዳኛው ፊቱን አዙሮ ከኋላ የተቀመጡትን ሰዎች ማየት ጀመረ። "አንጓች፣ አልረገመኝም። 'ላሚቱ ዛሬ ትወልዳለች፤ አንጓች ብቻዋን ናት፤ ሂድና አግዛት' አለኝ። እኔ ግን አላገዝኩሽም።"

ዳኛው ሊያስቆሙት እጃቸውን ሲያነሡ አንጓች ብድግ አለች።

"ወልዳለች" አለች። የምትመልሰው ለባሏ እንጂ ለፈንታሁን አልነበረም። "በደህና ወልዳለች።"

ተቀመጠችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች። ዳኛው እስክትጨርስ ጠበቋት።

ገብረየስ በቀረው ጉልበት ሁሉ ተከራከረ። ቅጣቱ ቀለለ፤ ቢሆንም ፈንታሁን ብዙ ዓመት ተፈረደበት። አንጓች ይቅር አላለችውም፤ ይቅር በይኝ ብሎም አልጠየቃት። ስትወጣ ግን ጠበቃው አጠገብ ቆም ብላ "እግዜር ይስጥልኝ፤ አሁን ማልቀስ እችላለሁ" አለችው። እሱም እንደ ደከመው ወደ ቤቱ ሄደ። ከሚቀጥለው ደንበኛው ጋር ሲቀመጥ ግን አስቀድሞ "ምን ሆነ? ንገረኝ" አለው።

ወዳጄ፣ ከጥፋታችን የምናመልጥባቸውን መንገዶች ስንመዝን እያንዳንዱ እኛን ምን እንደሚያስከፍለን እናሰላለን። ዝምታችን ከሌላው ሰው ምን እንደሚወስድ ግን አናስብም። የበደልነው ሰው ከእኛ የሚፈልገው ሁልጊዜ ካሳ ወይም ቅጣት አይደለም፤ አንዳንዴ ከእኛ በቀር ማንም የማያውቀውን እውነት ብቻ ነው የሚፈልገው።

አንተስ፣ ሰው ሲጠብቀው የኖረ፣ አንተ ጋ ብቻ ያለ ቃል ይኖር ይሆን?