የሌሊት ወፎቹና የሙሽራዋ ካባ

ነገሩ የስድስት ሺህ ብር ነገር ነበር። ጅማ ውስጥ ጣልያን ሠርቶት የሄደ፣ ጠያቂ ያጣ ፎቅ አለ። ልብስ ሰፊው ጋሽ አዱኛ ከሥሩ ይሰፋል፣ ማታም እዚያው ያድራል። ለእሑድ የሚደርስ የሙሽራ ነጭ ካባ በስድስት ሺህ ተቀበለ። ፎቁን ግን የሌሊት ወፎች ወርሰውታል፤ በጣራው ስንጥቅ ኩሳቸው ጠብ ይላል። አንድ ጠብታ ካባው ላይ ካረፈ ስድስት ሺው ሄደ። ውጡልኝ አላቸው። አንወጣም አሉ።

ወደ አናጢው ወደ ከድር ሄደ። የሌሊት ወፎቹ አንወጣም አሉ፤ ማታ ለራት ሲበሩ መስኮቱን በጣውላ ድፈንልኝ አለው። ከድር፣ የመንግሥት ቤት ላይ ያለ ቀበሌ ቃል ሚስማር አልመታም አለ።

ወደ ቀበሌዋ ሊቀመንበር ወደ ወይዘሮ የሻረግ ሄደ። የሌሊት ወፎቹ አንወጣም አሉ፤ አናጢው አልመታም አለ፤ አንድ ቃል በይልኝ ልጄ። እሷ ደግሞ ቤቱ ቅርስ ነው፣ የቅርስ ሹሙ ሳይፈርም አልፈቅድም አለች።

«ሲፈርስ የማንም አይደለም፤ ሚስማር ሲመታበት ነው ቅርስ የሚሆነው?»

«እኔም ግራ ገብቶኛል ጋሼ» አለችው።

ወደ ቅርስ ሹሙ ወደ ናሁሰናይ ሄደ። የሌሊት ወፎቹ አንወጣም አሉ፤ አናጢው አልመታም አለ፤ ቀበሌዋ አልፈቅድም አለች። ናሁሰናይም ፎቁ ላይ የእድሩ ድንኳን ተቆልፎበታል፣ ገብቼ ሳላይ አልፈርምም አለ።

ወደ እድሩ ቁልፍ ያዥ ወደ ስንሻው ሄደ። ስንሻው ጋቢ አገልድሞ ደጁ ላይ ተቀምጧል። የሌሊት ወፎቹ አንወጣም አሉ፤ አናጢው አልመታም አለ፤ ቀበሌዋ አልፈቅድም አለች፤ ሹሙ አልፈርምም አለ፤ በል ቁልፉን ይዘህ ተነሣ።

«በምን ሱሪ ልነሣ? ለፋሲካ ጣፍልኝ ብዬ የሰጠሁህ አንተው ዘንድ ነው። ሱሪዬ ካልመጣ ቁልፉ አይመጣም።»

«ሌላ ሱሪ የለህም?»

«አለኝ። እሱም አንተው ዘንድ ነው።»

ጋሽ አዱኛ ግራ ገባው። ማን ማንን እንደሚጠብቅ በጣቱ እየቆጠረ ቢሄድ ቢሄድ፣ መጨረሻው ጣት ራሱ ላይ አረፈ።

ሮጦ ሱሪዎቹን ጣፈ። ስንሻው ለበሰና ቁልፉን አመጣ፤ ቁልፉ ሲመጣ ሹሙ አይቶ ፈረመ፤ ሹሙ ሲፈርም ቀበሌዋ ፈቀደች፤ ቀበሌዋ ስትፈቅድ አናጢው መሰላሉን አቆመ፤ ሲመሽ የሌሊት ወፎቹ ለራት ወጡ፤ ሲወጡም ጣውላው ተመታ። ካባው እንደነጣ እሑድ ሙሽራዋ ትከሻ ላይ ዋለ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ገቢ፣ ስድስት ሺህ። ወጪ፣ ለአናጢው ሦስት መቶ። ለካ የሌሊት ወፎቹ ራት የሰፈሩ ትንኝ ኖሯል፤ ከሰኞ ጀምሮ ትንኙ ጋሽ አዱኛ ጆሮ ላይ ሰፈረ፤ ለአጎበር አራት መቶ ሃምሳ። የተጣራ ትርፍ፣ አምስት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር። ያጣውን እንቅልፍ ግን በስንት እንደሚተምነው ቸግሮት፣ አጎበሩ ውስጥ ተቀምጦ ይቆጥራል።